አፍላቶክሲን በወርቅ ናኖ ቅንጣት፦ በበፈር ይሠራል፣ ማሽላ ላይ ሲደርስ ይከሽፋል

ድሬ_ላብ፦

ሰላም ለቤቱ። ድሬዳዋ ካለ አነስተኛ የእህል ጥራት ላብራቶሪ ነው የምንጽፈው። ከባቢሌ የሚመጣ ኦቾሎኒና ከሐረርጌ የሚመጣ ማሽላ ላይ አፍላቶክሲን ቢ1ን (ሻጋታ እህል ላይ የሚፈጥረውን መርዝ) በቀለም ለውጥ የሚለይ ርካሽ ምርመራ ማቋቋም ፈልገን ነበር። ኤችፒኤልሲ (መርዙን ከሌላው ለይቶ መጠኑን በትክክል የሚለካው መሣሪያ) የለንም። ያለን ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ሴንትሪፉጅ፣ የ365 ናኖሜትር ዩቪ መብራትና ስልክ ነው።

አሠራራችን ይህ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የ1 ሚሊሞላር ወርቅ ክሎራይድ አሲድ አፍልተን 10 ሚሊ ሊትር የ38.8 ሚሊሞላር ሶዲየም ሲትሬት በአንድ ጊዜ ጨመርንበት። ወይን ጠጅ ቀይ ሆነ፤ የአብዞርባንሱ (ብርሃን የመዋጡ) ጫፍ 519 ናኖሜትር ላይ ነው። ለምርመራው 3.7 ናኖሞላር ወርቅ፣ 100 ናኖሞላር የቢ1 አፕታመር (መርዙን የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ዘንግ)፣ በመጨረሻም 40 ሚሊሞላር ጨው እንጠቀማለን። አፕታመሩ ወርቁን ከብቦ ከጨው ይጠብቀዋል፤ መርዙ አፕታመሩን ሲወስደው ወርቁ በጨው ተሰብስቦ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። በንጹሕ በፈር (እህል ያልገባበት፣ ፒኤቹ የማይዋዥቅ ፈሳሽ) ከ5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ጀምሮ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ የ650 ንባብ ለ520 ሲካፈል በደንብ ያድጋል።

ናሙና ላይ ግን እንዲህ ሆነ፦ ነጭ ማሽላ ቢ1 ብንጨምርበትም ባንጨምርበትም ቀይ ሆኖ ይቀራል። ቀይ ማሽላ ምንም መርዝ ሳይኖርበት ሐምራዊ ይሆናል። ኦቾሎኒው ይደፈርሳል። ናሙናውን የምናወጣው 20 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ ሜታኖል ነው፤ ከዚያ 8 እጥፍ በበፈር እናቀጥነዋለን።

ጥያቄያችን፦ ምኑን እናስተካክል? ወርቁን ትተን በዩቪ የሚያበሩ ካርቦን ዶቶች (የካርቦን ናኖ ቅንጣቶች) ብንጠቀምስ? በስልክ ካሜራ ማንበብስ ያስተማምናል?


ጁገል_ኬሚስት፦

ሰላም ድሬዎች። ወርቃችሁ ጤነኛ ነው፤ ጫፉ 519 ላይ ቆሞ ጭራው ወደ 650 ካልተነሳ አትነካኩት። ማሽላውን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን እስክሪብቶ አንሱ።

ናሙናው በኪሎ 10 ማይክሮግራም ቢ1 አለው እንበል። አንድ እጅ እህል በአምስት እጅ ፈሳሽ ስታወጡ በሚሊ ሊትር 2 ናኖግራም ይሆናል። ስምንት እጥፍ ሲቀጥን 0.25። የቢ1 ሞለኪውላዊ ክብደት 312 ስለሆነ ይህ 0.8 ናኖሞላር ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው አፕታመር ደግሞ 100 ናኖሞላር። እያንዳንዱ የመርዝ ሞለኪውል አንድ አፕታመር ይዞ ቢሄድ እንኳ ከመቶው 99ኙ ወርቁን እንደከበበ ይቀራል። የአፕታመሩ የመያዝ ጥንካሬ በአሥር ቤት ናኖሞላር ስለሆነ እሱም ቢሆን አይሞላም። ቀለም ከየት ይምጣ?

ከወዲያ በኩልም አስሉት። በበፈር የለያችሁት ዝቅተኛ መጠን 5 ናኖግራም ወደ እህሉ ሲመለስ 5 × 8 × 5 ነው፤ በኪሎ 200 ማይክሮግራም። አውሮፓ በቀጥታ ለሚበላ ኦቾሎኒ ቢ1 ብቻውን 2፣ በድምሩ (የአፍላቶክሲን ዓይነቶቹ ተደምረው) 4 ነው የሚፈቅደው። ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ገና ለሚቀነባበር ኦቾሎኒ በድምሩ 15፣ አሜሪካ 20። የእናንተ ምርመራ ማሽላው ንጹሕ ቢሆን ኖሮም የሚጮኸው የአሜሪካው ጣሪያ አሥር እጥፍ ላይ ነው።

አፕታመሩን ብንቀንስስ ትሉ ይሆናል። አሁን ለአንድ ቅንጣት 27 ያህል ዘንግ ነው የደረሰው፤ ከዚያ ሲወርድ ወርቁ ጨው አይችልም። ወርቁንም አብራችሁ ከቀነሳችሁ ዓይንም መሣሪያም የሚይዘው ቀለም አይኖርም። መንገዱ እዚህ ላይ ይዘጋል።

የናሙናው ጠባይ ሌላ ጉዳይ ነው። የማሽላ ዋናው ፕሮቲን ካፊሪን ውሃ በተቀላቀለበት አልኮል የሚሟሟ ዓይነት ስለሆነ ጥቂቱ ከሜታኖሉ ጋር ይወጣል። ፕሮቲን ወርቁን ከሸፈነው ጨው ብታፈሱበትም አይሰበሰብም፤ ነጩ ማሽላ ቀይ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ነው። ቀዩ ማሽላ ደግሞ ታኒንና ቀለም አለበት። ቀለሙ 480 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ የ520ን ንባብ ያዛባል፤ ከእህሉ የሚወጡ ማግኒዚየምና ካልሲየም ደግሞ ሁለት ቻርጅ ያላቸው ስለሆኑ በትንሽ መጠን ወርቁን ይሰበስቡታል። ሁለቱ ማሽላዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ያሳሳቷችሁ ለዚህ ነው።

ለራሳችሁ ለማረጋገጥ አራት ቱቦ ይበቃል፦ ወርቅና ኤክስትራክት (ከእህሉ የወጣው ፈሳሽ) ያለ ጨው፤ ወርቅ፣ ኤክስትራክትና ጨው ያለ አፕታመር፤ ወርቅ፣ ቢ1ና ጨው ያለ አፕታመር፤ በመጨረሻም ፊደሎቹ የተበወዙ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ዲኤንኤ ከቢ1ና ከጨው ጋር። የመጨረሻው ቱቦም ወደ ሰማያዊ ከሄደ በበፈር ያያችሁት ራሱ አፕታመሩ መርዙን ስለያዘ ላይሆን ይችላል። ትንንሽ ሞለኪውሎች ወርቅ ላይ ራሳቸው እየተለጠፉ ዲኤንኤውን ያባርራሉ፤ ይህን ቱቦ ሳያሳይ የሚቀርብ ግራፍ ቢያምር አትመኑት።

ወርቁን እንደገና ስትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ድሬ ላይ ውሃ በ96፣ ሐረር ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ወርቁ ይሠራል፣ ግን ቀይ ከሆነ በኋላ ከምድጃው ላይ ቶሎ አታውርዱት፤ ሌላ 10 ደቂቃ ይፍላ፣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥም ኮንደንሰር ይኑረው። ዕቃው ቀድሞ በሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክና በአንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ ይታጠብ።


አቦ_ፎቶን፦

አቦ፣ በካርቦን ዶት አትለከፉ! ከሎሚ ልጣጭም ከሲትሪክ አሲድም ይሠራል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያበራ ልብ ይወስዳል፣ እናም ብዙ ሰው እዚያው ይቀራል።

አብዛኞቹ ካርቦን ዶቶች 365 አካባቢ ብርሃን ይቀበሉና 440 አካባቢ ሰማያዊ ያበራሉ። አፍላቶክሲን ቢ1 ብርሃን የሚውጠው 362 ላይ ነው፤ ራሱም 425 አካባቢ ሰማያዊ ያበራል። ማለትም መርዙ የዶቱን ምግብ ይቀማዋል፣ በዚያው ቀለም ደግሞ ራሱ ያበራል። ይህ ሳያንስ የማሽላ ፌኖሎች፣ የኦቾሎኒ ቆዳ፣ የዘይቱ ተረፈ ነገር ሁሉ 365 ላይ ይውጣሉ። ዶቱ ደበዘዘ ማለት መርዝ አገኘ ማለት አይደለም፤ መብራቱ አልደረሰውም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። ድብልቁን ስፔክትሮፎቶሜትር ውስጥ ከቱ፣ የ365ን እና የ440ን አብዞርባንስ ደምሩ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ 10ን በዚያ ቁጥር ከፍ አድርጉና የለካችሁትን ብርሃን አባዙበት። ምሳሌ፦ 365 ላይ 0.3፣ 440 ላይ 0.1 ከሆነ ግማሹ 0.2 ነው፤ 10 በ0.2 ከፍ ሲል 1.58። ይህ ማለት ምንም ነገር ሳይታወቅ ብርሃኑ 37 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። ተስተካክሎ ብርሃኑ ወደ ብላንኩ (መርዝም እህልም የሌለበት ንባብ) ከተመለሰ ዶታችሁ መርዝ ሳይሆን የፈሳሽ ቀለም ነው የለካላችሁ።

በብርሃን ልሥራ ካላችሁ የሚፈነጥቀው ቀለም ከእህሉ ቀለም የራቀ ይሁን። ዩሮፒየም ያለበት ናኖ ዶቃ 365ን ተቀብሎ 615 ላይ ቀይ ይሰጣል፤ ማሽላው ሰማያዊና አረንጓዴ ሲያበራ ቀይ ማጣሪያ አድርጋችሁ ትለዩታላችሁ። ዕድሜውም በመቶዎች ማይክሮሰከንድ ስለሆነ ጊዜ የሚቆጥር መሣሪያ ካለ የእህሉ ብርሃን ጠፍቶ ካበቃ በኋላ ማንበብ ይቻላል። በ980 ናኖሜትር ሌዘር የሚሠሩ፣ ይተርቢየምና ኧርቢየም የገባባቸው ቅንጣቶችም አሉ፤ 540 ላይ አረንጓዴ ይሰጣሉ፣ እህሉ በ980 አያበራም። ግን 980 ለዓይን አይታይም፤ ሬቲናን ሲያቃጥል አይሰማችሁም፤ ተገቢው መነጽር ከሌለ አትክፈቱት።

ደግሞ የዩቪ መብራት ብቻ ይዞ እህል ላይ ማብራት የሚሉ አሉ። በቆሎ ላይ የሚታየው ደማቅ አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን ከኮጂክ አሲድ የሚመጣ እንጂ ከአፍላቶክሲኑ አይደለም። ሻጋታው ነበረ ይላል፤ መርዙ ስንት እንደሆነ አይልም። ኦቾሎኒ ላይ ጭራሽ አትሞክሩት።


ሐረማያ_ዳር፦

ስለ ወርቁም ስለ ዶቱም የተባለው ልክ ነው። እኔ የምፈራው ግን ኤክስትራክቱ ቱቦ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለውን ነው፤ የአፍላቶክሲን ምርመራ ስህተት ትልቁ ድርሻ ናሙና አወሳሰድ ላይ ነው።

አንድ ክፉኛ የሻገተ የኦቾሎኒ ፍሬ በግራም እስከ 1 ሚሊግራም አፍላቶክሲን ሊይዝ ይችላል። ፍሬው ግማሽ ግራም ቢመዝን 500 ማይክሮግራም ማለት ነው። ያ አንድ ፍሬ 5 ኪሎ ንጹሕ ኦቾሎኒ ውስጥ ቢገባ አማካዩ በኪሎ 100 ይሆናል። 5 ኪሎ ደግሞ በዚህ መጠን 10,000 ፍሬ ነው። ከከረጢቱ አፍ 20 ግራም ዘግናችሁ ከሄዳችሁ 40 ፍሬ ነው የያዛችሁት፤ ያን ፍሬ የማግኘት ዕድላችሁ ከ250 አንድ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ ፍጹም ቢሆንም 249 ጊዜ «ንጹሕ» ይላል።

ስለዚህ ከኩንታሉ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች በመውጊያ ብረት ትንሽ ትንሽ ውሰዱ፤ ከብዙ ከረጢት ሰብስባችሁ ቢያንስ 5 ኪሎ አድርሱ፤ ብዛት ያለው ጭነት ከሆነ 20 ኪሎ። ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ ከሆነ የአፉን፣ የግድግዳውንና የመሀሉን ለየብቻ ያዙ፤ እርጥበቱ አፉና ግድግዳው ላይ ስለሚበረታ ሦስቱ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም፣ ባለቤቱም የትኛውን ማንሳት እንዳለበት ያውቃል። የተሰበሰበው ሁሉ ይፈጫል። ከተፈጨ በኋላ ነው የሚቀነሰው፤ ሳይፈጩ መቀነስ ያንኑ የ40 ፍሬ ጨዋታ መልሶ መጫወት ነው።

ኦቾሎኒ በደረቁ ሲፈጭ ይሞቅና ቅቤ ይሆናል፣ ወፍጮውም ይያዛል። ከውሃ ጋር ፍጩት፦ 1 እጅ ኦቾሎኒ በ1.5 እጅ ውሃ፣ እንደ ቀጭን ሊጥ እስኪሆን። ከዚያ 50 ግራም ሊጥ መዝናችሁ 70 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ጨምሩ። ሊጡ ውስጥ 20 ግራም ኦቾሎኒና 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ስላለ ያንኑ 70 በመቶ ሜታኖልና ያንኑ አንድ ለአምስት አገኛችሁ፤ ስሌታችሁ አይለወጥም። ኦቾሎኒ ግማሹ ያህል ዘይት ስለሆነ 2 ግራም ጨውና 25 ሚሊ ሊትር ሄክሴን ጨምሩበትና አብራችሁ ነቅንቁት፤ ሄክሴኑ ከነዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ታችኛውን ትወስዳላችሁ። ድፍርስነቱ አብዛኛው በዚህ ይጠፋል። የጨመራችሁት ጨው ግን ከወርቁ ጋር የሚጣላ ስለሆነ ይህ መንገድ ለእናንተ ለአሁኑ ምርመራ አይሆንም፤ ለስትሪፕ (በመስመር ለሚነበብ የመመርመሪያ ወረቀት) ወይም ለአንቲቦዲ ዓምድ (መርዙን ይዞ ሌላውን ለሚያሳልፍ ማጣሪያ) ነው።

ማሽላው ላይ ከቀጠነ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና በመስታወት ክር ወረቀት አጥልሉት፤ ካፊሪኑ ሜታኖሉ ሲቀጥን ይረጋል፣ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ለቀይ ማሽላ ደግሞ ከማቅጠናችሁ በፊት የማይሟሟ ፒቪፒፒ ጨምራችሁ አናውጡና አጥልሉ፤ ታኒኑን ይይዛል። መጠኑን 50 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ጀምሩና ቢ1 የተጨመረበት ናሙና መርዙን አብሮ አለመጣሉን ፈትሹ።

ፍተሻው እንዲህ ነው፦ 20 ግራም ንጹሕ ማሽላ ላይ የ1 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ቢ1 200 ማይክሮሊትር አፍስሱ፤ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ይሆናል። ሽታው እስኪጠፋ ክዳን ሳይከደን ያድር፣ ከዚያ አውጡት። ከ70 እስከ 110 በመቶ ከተመለሰ ጥሩ። ከ110 በላይ ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ መርዝ አልበዛም፣ ማሽላው ሴንሰሩን እያታለለ ነው።


ድሬ_ላብ፦

እጅግ እናመሰግናለን። የ200ው ስሌት አጥንት ገባ። ስለዚህ የአንቲቦዲ ስትሪፕ ውስጥ እንግባ? ገዝተን ወይስ ራሳችን ሠርተን? ደግሞ በርበሬም ያመጡልናል፤ ክፍላችን ከሰዓት በኋላ 34 ዲግሪ ይደርሳል።


ለገሃሬ_ስትሪፕ፦

ግዙ። ይህን የምለው ስትሪፕ የሚሠራ ሰው ሆኜ ነው። አንቲቦዲው፣ ከቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) ጋር የተጣበቀው ቢ1፣ ሜምብሬኑና መስመር መሳቢያው ማሽን ሲደመር ለአንድ ትንሽ ላብራቶሪ አያዋጣም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በየዙሩ ጥራቱ ይለያያል። ገዝታችሁ ግን ካሊብሬሽኑን (ንባቡን ወደ መርዝ መጠን የሚቀይረውን መለኪያ) የራሳችሁ ማሽላ ላይ ሥሩት፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ በቆሎ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ግን ስህተት ለመፈለግ ይጠቅማል። ውስጡ 40 ናኖሜትር ገደማ ወርቅ ነው፤ አንዱ ቅንጣት ከእናንተ የ13 ናኖሜትሩ 30 ጊዜ ያህል ብርሃን ይውጣል፣ ለዚህ ነው ቀጭን መስመር የሚታየው። ወርቁ ላይ አንቲቦዲ አለ። መመርመሪያው መስመር ላይ ቢ1 ከቢኤስኤ ጋር ተለጥፏል። ናሙናው መርዝ ከሌለው አንቲቦዲው መስመሩን ይይዛል፣ ቀይ ይታያል። መርዝ ካለ አንቲቦዲው ቀድሞ ስለሚያዝ መስመሩ ይደበዝዛል። እንደ ወባ ስትሪፕ አታንቡት፤ እዚህ ሁለት መስመር ማለት ደህና፣ አንድ መስመር ማለት መርዝ አለ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይገለብጠዋል፤ ግድግዳው ላይ ጻፉት።

ራሴ ልሥራ የሚል ካለ የሚሳሳቱበትን ቦታ ልንገረው። የወርቁን ፒኤች በፖታሲየም ካርቦኔት ወደ 8.5 አካባቢ ሲያነሳ የፒኤች መለኪያውን ዘንግ እርቃኑን ወርቅ ውስጥ አይንከር፤ ወርቁ ይሰበሰብበታል፣ ዘንጉም ይደፈናል። ወረቀት ይበቃል። አንቲቦዲውን ከ0 እስከ 15 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ደርድሮ 100 ማይክሮሊትር የ10 በመቶ ጨው ይጨምር፤ ቀይ ሆኖ የሚቀረው ዝቅተኛው መነሻ ነው። ሌላ ስትሪፕ ላይ ትንሽ ጨምር ይባላል፤ እዚህ ግን የበዛ አንቲቦዲ ጠላት ነው። ጥቂት መርዝ ሁሉንም ሊይዘው ስለማይችል መስመሩ አይደበዝዝም፤ የአፕታመሩ ሒሳብ እንደገና መጣ ማለት ነው። ከዚያ 1 በመቶ ቢኤስኤ 30 ደቂቃ፣ ሴንትሪፉጅ፣ ወደ ቦሬት በፈር ከነ ስኳሩ። ስኳሩ ካልገባ ወርቁ ደርቆ ይቀራል፣ አይለቅም።

ስለ ስልክ፦ ይሆናል፣ ግን ዓይን አትመኑ፣ የስልኩንም «ማሳመር» አትመኑ። ጥቁር የካርቶን ወይም የእንጨት ሳጥን፣ ነጭ ኤልኢዲ ከፊቱ ወረቀት፣ ስትሪፑ የማይነቃነቅበት ጎድጓዳ ቦታ። ኤልኢዲውን በፓወር ባንክ አብሩት፤ መብራት ኃይሉ ሲዋዥቅ ብርሃኑ ይዋዥቃል። ትኩረት፣ የብርሃን መጠንና የነጭ ሚዛን በእጅ ተቆልፈው ይቀመጡ። ከሥዕሉ የአረንጓዴውን ቻናል ውሰዱ፤ ቀዩ ወርቅ አረንጓዴ ስለሚውጥ መስመሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ የመመርመሪያውን መስመር ጥቁረት ለመቆጣጠሪያው መስመር አካፍሉ። ሁሌም በተመሳሳይ ደቂቃ፣ ስትሪፑ 10 ደቂቃ ካለ በ10ኛው፤ በ20ኛው ያነሳችሁት ሥዕል ሌላ ቁጥር ነው።

ካሊብሬሽኑን ከንጹሕ ማሽላ ኤክስትራክት በ0፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20 እና 50 ማይክሮግራም በኪሎ ሥሩ፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ። ግራፉ ቀጥ ያለ አይደለም፤ የኤስ ቅርጽ ነው፣ ከጫፍና ከጫፉ ቁጥር አታንብቡ። ዝቅተኛውን ገደብ ለማግኘት 20 የተለያዩ ንጹሕ ማሽላዎችን ለኩ፤ አማካዩ ላይ ሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ቀንሱ። አንድን ማሽላ 20 ጊዜ መለካት አይተካውም።

ሙቀቱ ላይ፦ በ34 ዲግሪ ፈሳሹ ቶሎ ይሮጣል፣ የመያዙ ሂደትም ይለወጣል። በ24 ዲግሪ የተሠራ ካሊብሬሽን ከሰዓት አይሠራላችሁም። ወይ ጠዋት ብቻ ሥሩ፣ ወይ በ34 ሌላ ካሊብሬሽን ያዙ፣ ወይ ስትሪፑን 37 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ማሞቂያ ላይ አስቀምጡ፤ የመጨረሻው ለድሬ ይሻላል፣ ማሞቅ ከማቀዝቀዝ ይቀላል። ከፍሪጅ የወጣውን ፖስታ ግን የክፍሉን ሙቀት ሳይይዝ አትክፈቱት፤ ጤዛ ስትሪፑን ያበላሻል።

በርበሬ ስትሪፕ ላይ በቀጥታ አይሆንም። ቀለሙ ሜምብሬኑን ያቀላዋል፣ አረንጓዴው ቻናል ሁሉን መስመር ያደርገዋል። የአንቲቦዲ ዓምድ ያስፈልጋል፦ በ80 በመቶ ሜታኖል ማውጣት፣ ሜታኖሉ ከ10 በመቶ በታች እስኪሆን በበፈር ማቅጠን፣ በሰከንድ 1 ጠብታ ማሳለፍ፣ በ20 ሚሊ ሊትር ውሃ ማጠብ፣ በ1 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ማውጣት። የሚወጣው ፈሳሽ ቀለም ካለው ዓምዱ አልታጠበም። አውሮፓ በርበሬ ላይ ቢ1 5፣ በድምሩ 10 ነው የሚፈቅደው፤ ከኦቾሎኒው ሰፋ ያለ ነው፣ ማጣራቱን ግን አያስቀርም።


ጁገል_ኬሚስት፦

በአንድ ነገር ከለገሃሬ አልስማማም፦ ገዝታችሁም የቢ1 ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ንጹሕ ቢ1) ትይዛላችሁ፣ ስለዚህ መጠኑን ራሳችሁ አረጋግጡ። በሜታኖል ውስጥ 360 ናኖሜትር ላይ በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም የሆነ ፈሳሽ 0.69 አካባቢ ማንበብ አለበት። 0.5 ካነበበ ጠርሙሱ ብርሃን አግኝቶታል ወይም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ካሊብሬሽናችሁ ሁሉ በዚያው ልክ ይሳሳታል። ዱቄቱን አትግዙ፤ ሲከፈት በኤሌክትሪክ ተሳስቦ ይበንናል፤ በአሴቶናይትሪል የተሟሟውን፣ ቡናማ ጠርሙስ ያለውን ግዙ።

ስትሪፑ ከጣሪያው በላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኤችፒኤልሲ ላኩ፤ ከንጹሖቹም ከአሥር አንዱን ላኩ፣ አለበለዚያ ስንቱ እንዳመለጣችሁ በጭራሽ አታውቁትም።

የነካውን ዕቃ ሁሉ 1 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ውስጥ 2 ሰዓት ንከሩ። የሱቅ በረኪና ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ካለ አንድ እጁ በአራት እጅ ውሃ ነው። ከዚያ ከጠቅላላው 5 በመቶ አሴቶን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ አቆዩ፤ በረኪናው ብቻውን ከተተወ ሌላ አደገኛ የአፍላቶክሲን ዓይነት ሊፈጠር ይችላል። ይህ ሁሉ አየር ማስወጫው ሥር ይሁን፣ የወርቁን ዕቃ ያጠባችሁበት አሲድ ደግሞ ወደዚህ ባልዲ በፍጹም አይፍሰስ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።